የላንድሮቨሩ የኋላ በር

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ኤርሲዶ፤

የጌታ ሰላም ካሉበት ይድረስዎ። ዓይንዎ እንዴት ሆነ? ያ ጠብታ ረዳዎት ወይስ አሁንም ጧት ጧት ጭጋግ ይመስልዎታል? ጉልበትዎስ የሆሳዕናን ብርድ ቻለው? እህል ይበላሉ? እንቅልፍ ይወስድዎታል? እኛ እዚህ ጅማ በጤና አለን። የጊንጆ ጉዱሩው ቤት ደህና ነው፤ አቮካዶው ዘንድሮ ከቅጠሉ ፍሬው በዝቶ ቅርንጫፉን በባላ ደግፌዋለሁ። ሥጋዬም ደህና ነው። ልቤን ግን ደህና ነው ብዬ ልዋሽዎ አልችልም፤ ይህን ወረቀት ያስያዘኝም እሱ ነው።

በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ድምፅዎን ስሰማ ስለ ዝናብ ጠይቄ ዘጋሁት። ባለፈው እሑድማ «ምነው ልጄ፣ ዝናብ ዝናብ አበዛህ፤ ገበሬ ሆንክ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ስለዚህ ጻፍኩ። ልያ እህቴ፣ ይህን የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አደራ። ደስ የማይል ነገር ሲመጣ ዘለሽ እንደምታልፊ አውቃለሁ፤ እማዬ ከማረፏ በፊት በታመመች ጊዜ የሐኪሙን ወረቀትም እንዲሁ ነበር ያነበብሽልን። ይህን ግን አንድም ቃል ሳታስቀሪ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው።

ነገሩ የላንድሮቨሩ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ የጅማ ልጅ በቴሌግራም ላይ ከድሮ መኪኖች የትኛው ተመልሶ ቢመጣ ደስ ይላችኋል ብሎ ጠየቀና ከተማው ተንጫጫ። አንዱ ሰይቼንቶዋን አለ፣ አንዱ ቮልሷን፤ የአጋሮ ሰዎች ደግሞ ቡና ተጭኖ ዳገቱን እያቃሰተ የሚወጣውን የጭነት መኪና፣ ኤንትሬን አነሡ። የደዶ ሰዎች ግን አልተከራከሩም፤ እንደተማከረ ሰው ሁሉም «የኦቦ ኤርሲዶ ላንድሮቨር» ብለው ጻፉ። አንዱ ድምፁን ከጋራ ማዶ ለይቼ አውቀው ነበር አለ፤ አንዷ ከዶሮና ከድንች ጋር ታጭቃ ጅማ ትምህርት ቤት እንደገባች ጻፈች። አንብቤ ስጨርስ ወጥቼ አየሁት። ስምንት ዓመት ከአቮካዶው ሥር ቆሞ ጎማው ተንፍሷል፤ ኮፈኑ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። አፈርኩ። መካኒክ ነኝ እያልኩ መንደራ ቆጪ የሰው ባጃጅና ሚኒባስ ስጠግን እውላለሁ፤ ያሳደገኝ መኪና በጓሮዬ ይበሰብሳል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ መልስ እሱ ላይ ነበርኩ። ሞተሩን አውርጄ ፈታሁት፤ ፍሪሲዮኑን ቀየርኩ፤ ራዲያተሩን አስበየድኩ። በጥር አንድ ቅዳሜ ሲነሣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። በስልክ ያሰማሁዎት ያን ዕለት ነው፤ አዳምጠው አንዱ ካንዴላ እሳት አይሰጥም አሉኝ፤ ከፍቼ ሳየው እውነትዎን ነበር። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም። ጥፋቴ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ቀለሙን ለወንድወሰን ሰጠሁት። ያውቁታል፤ ከጋራዣችን አጠገብ የመኪና አካል እየቀጠቀጠ ቀለም የሚቀባው ባትላሜራ ነው፤ እጁ የተባረከ፣ ያዘዙትን አጥብቆ የሚሠራ ሰው። እኔ ዕቃ ፍለጋ ወደ አጋሮ ስነሣ አንድ ነገር ብቻ ነገርኩት። ከፋብሪካ ዛሬ እንደወጣ አድርገው፤ ከውጭም ከውስጥም አንድ ጭረት እንዳይቀርበት አልኩት። ያልኩት ቃል በቃል ይህንኑ ነው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የኋላው በር ትዝ እንኳ አላለኝም።

ቃለሕይወት አጠገብዎ ተቀምጦ የሚሰማ ከሆነ በሩ ምን እንደነበረ አያውቅምና ልንገረው። የእህቴ ልጅ፣ አያትህ ደዶና ጅማ ሲመላለሱ በዚያ መንገድ ሌላ መኪና አይገኝም ነበር። ምጥ የያዛት ሴት ሆስፒታል የምትደርሰው በሳቸው ላንድሮቨር ነው፤ መንገዱ ክፉ ስለነበር ሳይደርሱ ከኋላው አግዳሚ ላይ የወለዱም ነበሩ። አያትህ ከቀናት በኋላ ሲመለሱ ስም ወጣለት ወይ ብለው ይጠይቁና፣ በኋላው በር በውስጥ በኩል ስሙን በምስማር ይጭሩታል። መንገድ ላይ ስለተወለደ ሙሀጅር የተባለ ነበር፤ ቱሉ ነበር፤ ኢፍቱ ነበረች፤ ፊርዶስ ነበረች። በጠቅላላው አሥራ ዘጠኝ ስም። አሥራ ስምንቱን የጻፉት አያትህ ናቸው። አንዱ የእኔ ነው፤ እማዬ ደዶ ገበያ ውላ ስትመለስ ወለደችኝ። በዚያ ዓመት በቤተ ክርስቲያን ማታ ማታ ፊደል ትማር ነበርና፣ የልጄን እኔ ልጻፍ ብላ ምስማሩን ከአያትህ እጅ ወሰደች። በጥጉ በኩል ሦስት ፊደል ጻፈች፤ «ሮ» ተንጋዳለች። ከዚያ በኋላ ገበያውና ኑሮው በዛባትና ትምህርቱን ተወችው። ይህች ነበረች ብለን የምናሳየው ሌላ የእጅ ጽሑፍ የላትም።

ከአጋሮ ስመለስ መኪናው ያንጸባርቃል። ዞርኩት፤ የኋላውንም በር ከፈትኩት። ውስጡ እንደ ሸክላ ሳህን ለስልሶ ፊቴን አየሁበት። አባባ፣ ከሁሉ የማፍረው እዚህ ላይ ነው። ፊቴን አይቼ ፀጉሬን አስተካከልኩ። ወንድወሰንንም አቅፌ አመሰገንኩት። የጠፋ ነገር እንዳለ እንኳ አልታወቀኝም። እማዬ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣኝ ጣቴን ይዛ ፊደል ያስቆጠረችኝ በዚያ በር ላይ ነው፤ እኔ ግን እሷ የጻፈችው በጠፋበት ቦታ የራሴን መልክ አይቼ ደስ አለኝ።

ያወቅኩት በሚያዝያ፣ በፊርዶስ ሠርግ ነው። ፊርዶስ አሁን ደዶ አስተማሪ ናት። የተወለድኩበት መኪና ካልወሰደኝ አላገባም ብላ ሙሽራውን አስቸግራ ላንድሮቨሩን ለመነችኝ፤ እኔም ኩራት ነፍቶኝ አበባ አስሬበት ሄድኩ። ደዶ ስገባ ክላክስ ሳላሰማ ሰው በሞተሩ ድምፅ ብቻ ወጣ። ሽማግሌዎቹ «ማሻአላህ፣ ኦቦ ኤርሲዶ መጣ!» እያሉ ኮፈኑን ዳበሱት። እዚያ ቢኖሩ ብዬ እንባዬ መጣ። ፊርዶስ በሠርግ ልብሷ የባሏን እጅ ይዛ ወደ ኋላ ዞረች፤ ስሜን ላሳይህ ብላ በሩን ከፈተች። ከላይ እስከ ታች በጣቷ ፈለገች። ከዚያ ቁጣ በሌለው ድምፅ «ባሮክ፣ እኛን የት አደረግኸን?» አለችኝ።

ያኔ እውነቱን ብናገር ኖሮ ጥፋቴ አንድ ብቻ በሆነ ነበር። ባትላሜራው ነው፣ ሳያማክረኝ ነው ያጠፋው አልኩ፤ በሰው ሁሉ ፊት። ወሬው ከእኔ ቀድሞ መንደራ ቆጪ ደረሰ። ወንድወሰን በማግስቱ ሰላምታዬን ተቀብሎ ወደ ሥራው ዞረ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው ለእኔ ነው። ሦስት ቀን እንቅልፍ ካጣሁ በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ደዶም ተመልሼ ትእዛዙ የኔ እንደነበር ተናገርኩ። ወንድወሰን ይቅር ብሎኛል፤ ሻይ ስንጠጣ ግን እንደ ድሮው አይቀልድብኝም።

አብረን ሆነን ቀለሙን ላጥነው። ከቀለሙ ሥር ጭረቱን የደፈነው ስቱኮ ነው፤ ከስቱኮው ሥር በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገ ባዶ ብረት። አንድ መስመር እንኳ አልተረፈም። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው። ያን ጊዜ ከዚህ ወደ ልያ ቤት፣ ወደ ሆሳዕና የሄዱበት ቀን ትዝ አለኝ። ዕቃው ተጭኖ፣ ልያ እየጠራችዎ፣ ከላንድሮቨሩ ኋላ ቆመው በሩን በጣትዎ ይዳብሱ ነበር። አቧራ የሚጠርጉ መስሎኝ ጨርቅ ላምጣልዎ አልኩ፤ ተወው አሉኝ። ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ እማዬን የሚያነቡት በጣትዎ መሆኑ የገባኝ አሁን ነው። ይህንን ነው የፋቅሁብዎ።

በሩን ቀለም ሳልቀባ ትቼዋለሁ። ፊርዶስ ስማችሁን መልሳችሁ ጫሩ ብላ ለሁሉም ስለነገረች በገበያ ቀን ሰው ይመጣል። ሙሀጅር ስሙን በራሱ እጅ ጭሮ ሄደ፤ ምስማርዎ ከወንበሩ ሥር እንደተቀመጠ ነበር። ኢፍቱ አራት ልጆቿን ይዛ መጥታ የኔን ስም ታላቅየዋ ትጻፍልኝ አለች። የቱሉ እናት ልጃቸው ካረፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ምስማሩን ከበሩ አስጠግተው መልሰው እጄ ላይ አኖሩና፣ አንተ ጻፍልኝ አሉኝ። ጻፍኩላቸው። እስካሁን አሥራ ሦስቱ ተመልሰዋል። አምስቱን ማንም ሊያስታውሳቸው አልቻለም፤ የማን ልጅ በየትኛው መታጠፊያ እንደተወለደ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። እባክዎ ለልያ ይንገሯትና ጽፋ ትላክልኝ። ሊቆጡኝ ቢፈልጉም ይቆጡኝ፤ ብቻ ዝም አይበሉኝ።

ልያ፣ ጥርት ያለ ሰላምታ ሳይሆን የበደለኛ ወንድም ሰላምታ ይድረስሽ። አማቼ አብሳሎም እንደምን ከርሟል? እናቱ እትዬ ውብነሽ ወገባቸው ተሻላቸው? ለቃለሕይወት በጉንጩ ሳሚልኝ፤ ሲመጣ መሪውን አስይዘዋለሁ በይው። ፊርዶስና ባሏ አባታችን ሰላም በሉልን ብለዋል፤ ወንድወሰንም አጎንብሶ እጅ ይነሣል።

አባባ፣ አሥራ ዘጠነኛው ቀርቷል። የሚመጣው ሰው ሁሉ ያንተስ የታለ ይለኛል። ጥጉን ባዶውን ትቼዋለሁ። ከዚህ በታች ስሜን የጻፍኩት እሷ እንደጻፈችው፣ እንደማስታውሰው አድርጌ ነው፤ «ሮ»ንም አንጋድጃታለሁ። ጣትዎ እንዲያገኘው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ ተጭኜዋለሁ። ልያ፣ ጣታቸውን እዚህ ላይ አድርጊላቸው። እሷን ከመሰለ ይንገሩኝ፤ ምስማሩን አነሣለሁ። ካልመሰለም እውነቱን ይንገሩኝ፤ ጥጉ ባዶውን ይኖራል።

ልጅዎ
ባሮክ

ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ
ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.