የወይዘሮ ሄድቪግ ሽቶክል ሕይወትና የዚያ ቅዳሜ ፊርማ

ወይዘሮ ሄድቪግ ሽቶክል ከአባታቸው ከአቶ አሎይስ ራይንዳልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ክሬሸንስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1951 በተራራማው የቲሮል ግዛት፣ በሂንተርካር መንደር ተወለዱ። መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ስለነበር አዋላጇ የደረሰችው እሳቸው ከተወለዱ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ኦትማር ነው። ቤተሰቡ ሌላ ሰው እንዲጽፈው ፈልጎ ነበር፤ እኔው ልጻፍ ብሎ ድርቅ ያለው እሱ ነው።

በመንደሩ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በሸለቆው ከተማ ንግድ ትምህርት ቤት ተምረው በ1970 ወደ ትውልድ ቦታቸው ተመለሱ፤ በበረዶ ላይ ለመንሸራተት የሚመጡ እንግዶችን ወደ ተራራው በሚያወጣው የስኪ ማመላለሻ ትኬት ሻጭ ሆነውም ተቀጠሩ። በ1976 የበረዶ መደልደያ መኪና ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ኤመሪች ሽቶክል ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ልጅ፣ ሬናቴን አፈሩ። አቶ ኤመሪች ቀን ሙሉ አሥር ቃል የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ወይዘሮ ሄድቪግ ግን ቤታችን ጫጫታ በዛበት እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ባለቤታቸው በ2001 አረፉ።

ከ1978 ጀምሮ የመንደሩ በረዶ ለኪ ሆኑ። በየክረምቱ፣ በየቀኑ፣ ከጧቱ በአንድ ሰዓት ከቤታቸው በላይ ባለው ሜዳ አዲስ የወረደውን በረዶ በሜትር ይለካሉ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ እስከ መሬቱ ቆፍረው እያንዳንዱን ንጣፍ በጣታቸው ይፈትሻሉ። ሠርግም ሆነ ጉንፋን አላስቀራቸውም። በዚህ ሥራቸው የመንደሩ የበረዶ ናዳ ኮሚቴ አባል ሆኑ። ኮሚቴው አራት ሰው ነበር፤ ኦትማርም የስኪ ማመላለሻው ሥራ ኃላፊ በመሆኑ አንዱ አባል ነበር። መንገድና እንግዶች የሚንሸራተቱበት ቁልቁለት የሚዘጋውም የሚከፈተውም በዚህ ኮሚቴ ነው። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ውሳኔው ብቻ ነው፤ ማን ምን አለ አይጻፍም፤ አራቱም ይፈርማሉ። አንዱ ጎረቤት ተለይቶ ጣት እንዳይቀሰርበት ከአባቶቻችን ጊዜ የመጣ ልማድ ነው።

በፌብሩዋሪ 2006 ከሰሜን ምዕራብ የመጣ ማዕበል ሦስት ቀን ሙሉ አላባራ አለ። አንድ ሜትር ከአርባ ሳንቲ ሜትር አዲስ በረዶ ወረደ፤ ነፋሱም ጠራርጎ ፀሐይ በማይደርስበት በጥላው ቁልቁለት ላይ ቆለለው። ከሥሩ የነበረው የጃንዋሪ በረዶ በረጅሙ ብርድ እንደ ስኳር ተፈርፍሮ ላልቶ፣ የላዩን የማይሸከም ሆኖ ነበር። አራተኛው ቀን ቅዳሜ ነው፤ አሮጌ እንግዳ ሄዶ አዲስ የሚገባበት ቀን። ማዕበሉ ቆመ፣ ሰማዩ ጠራ፤ ኮሚቴው ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተቀመጠ።

“እንዲናድ ብለን ሦስቴ ፈንጂ ጣልንበት፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚህ በላይ ምን እስኪሆን ነው የምንጠብቀው?” አለ ኦትማር።

“አልወረደም ማለት ይዟል ማለት አይደለም። ከሥሩ ስኳር ነው እያልኩህ! ትናንት በእጄ ዝቄዋለሁ” አሉ ወይዘሮ ሄድቪግ።

“ሄዲዬ፣ አንቺ እኮ ቢተውሽ በረዶ በሌለበት በጁላይም ትዘጊዋለሽ።”

ሁሉም ሳቁ። እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ፈገግታቸውን አጥፍተው፣ “አይከፈት ብያለሁ” አሉ። ሦስት ለአንድ ሆነ። መዝገቡ ዞረ፤ እንደ ልማዱ እሳቸውም ፈረሙ።

ቁልቁለቱ በአራት ሰዓት ተከፈተ። ለአምስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን በረዶው ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ወረደ። የመስመር ጠባቂው አቶ ኮንራድ ኤገር እዚያው ቁልቁለቱ ላይ የመስመር ምልክት ባንዲራ ይተክሉ ነበር፤ ናዳው ቀበራቸው። ወይዘሮ ሄድቪግ ከፈላጊዎቹ ጋር ተሰልፈው በረዶውን በዘንግ ሲወጉ፣ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ አስከሬናቸውን ያገኘው የእሳቸው ዘንግ ነው። ኦትማር በረዶውን በአካፋ ይዝቅ ነበር። እጁ ብቻ ይሠራ ነበር። ይህን ሲጽፍም የሚሠራው እጁ ብቻ ነው።

መርማሪው አራቱን ጠየቀ፤ አራቱም አብረን ወሰንን አሉ። ምርመራው ተዘጋ። የመንደሩ ሰው ግን አልዘጋውም፤ በረዶውን የምታውቀው እሷ ናት ተባለ። በዚያው ዓመት በማርች በዳቦ ቤቱ ውስጥ የሟች ባለቤት ወይዘሮ ኖትቡርጋ፣ “የምትለኪው አንቺ ነበርሽ። እስኪ ንገሪኝ፣ ምን ለካሽ?” አሏቸው። ወይዘሮ ሄድቪግ ዳቦአቸውን ይዘው ወጡ። ኦትማር ከኋላቸው ተሰልፎ ነበር። ተራው ሲደርስ ዳቦ ገዛ።

ከዚያ በኋላ ለአሥራ ስምንት ዓመት ብዙ ሰው ሰላም አይላቸውም ነበር። እሳቸው በረዶ መለካታቸውን አላቋረጡም። አንድ ቀን ኦትማር እውነቱን ልናገር ሲላቸው፣ “ሦስት ልጆች አሉህ፤ እንጀራህም ያው ማመላለሻው ነው። እኔም ብሆን ፈርሜያለሁ” አሉት። እሱም እሺ አለ። እሺ ማለቱ ቀሎት ነበር።

በ2023 መጨረሻ የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በጃንዋሪ ኦትማር እንደገና ጠየቃቸው። “እኔ እያለሁ አይሆንም፤ ከንፈር እንዲመጠጥልኝ አልፈልግም። ስሞት ግን አንተው ጻፈው፤ ቆመህም አንተው አንብበው” አሉት። ማርች 11 ቀን 2024 በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ልጃቸው ሬናቴ፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው ቀርተዋል።

ወይዘሮ ኖትቡርጋ ሆይ፣ ወይዘሮ ሄድቪግ የለኩትን በትክክል ለክተው ነበር፤ አይከፈት ያሉትም እሳቸው ብቻ ናቸው። ያስከፈተው ኦትማር ነው።

አምላክ የአቶ ኮንራድንና የወይዘሮ ሄድቪግን ነፍስ በአንድ ማዕድ ያስቀምጥ። ለኦትማር ጸሎት አንለምንም። የምንለምነው፣ ወደ ሣጥናቸው ቀርባችሁ ጠበል ስትረጩ፣ በየመንገዱ የነፈጋችኋቸውን “ደህና ዋሉ” ዛሬ እንድትሏቸው ነው።