ዋይፋይ በአዳራሽና በእልፍኝ

ጥቅምት 4፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

«ሞፈር» ላይ ተቋረጠ። ዛሬ ሦስተኛ ጊዜ። እኔ ከደ/ታቦር የመዝገበ ቃላቴን ካርዶች አነባለሁ፤ ልጄ ማስተዋል ሐዋሳ ሆና ትጽፋለች፤ በመካከሉ ፊቷ በስልኩ መስታወት ላይ ድርቅ ይላል፤ አፏ እንደ ተከፈተ ይቀራል። ስንቱን ቃል ለማይሰማ መስታወት እንዳነበብሁት እግዜር ይወቅ።

ማስታወሻዬ፣ ከአንተ የምደብቀው ምሥጢር የለኝም። የግራ ዓይኔ እየጠበበ ነው። ቀኙ ካከተመ ሁለት ክረምት አለፈ። የባሕር ዳሩ ሐኪም፣ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም ብሎኛል። አርባ ዓመት ሙሉ በየገበያውና በየአውድማው የለቀምሁት የደጋው ቃል በካርድ ላይ ነው፤ በእርሳስ፤ በራሴ አጻጻፍ። ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። ዓይኔ ከካርዶቹ ቀድሞ ካለቀ፣ አራት ሣጥን ሙሉ የእሳት መለኮሻ ይሆናል።

ስለዚህ ዛሬ የኢንተርኔት መስመር ላስገባ ነው። በሞባይል መንተፋተፍ ይበቃል።

ያው ዕለት፤ 9 ሰዓት

ተገጠመ። ጥቁር፣ ባለ ሁለት ቀንድ፣ ዓይኑን የሚያርገበግብ ዕቃ። ራውተር ይሉታል። የት ላኑረው? በዚህ ቤት የከበረ ዕቃ ቦታው ቡፌው ውስጥ ነው። ራዲዮኑም፣ ባለ ቀለበቱ ስልክም እዚያ ኖረዋል፤ ባለቤቴ የሺ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሠራችው ዳንቴል ተሸፍነው። እኔም ገመዱን በጀርባ አሾለክሁ፤ ራውተሩን በትሪዎቹ መካከል አስቀመጥሁ፤ ዳንቴሉን አለበስሁት፤ ቆለፍሁ። ቁልፉ በኪሴ ነው። ከዚህ በላይ ጥበቃ ምን አለ?

ጥቅምት 6

ሳሎን ውስጥ ይሠራል። መጻፊያ ክፍሌ ውስጥ የለም። ካርዶቹ ደግሞ ያሉት እዚያ ነው።

ወ/ሮ ዘምዘምን አስጠራሁ። ገበያው አጠገብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አላት። ሰባተኛ ክፍል አስተምሬአታለሁ፤ ድርሰቷ አጭር፣ ጽሕፈቷ ቀና ነበረ። ቡፌውን ከፈትሁላት። ዳንቴሉን ገለጠችው።

«ጋሼ፣ ይኸ ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?»

አስረዳችኝ። ሞገዱን ብረት ይመልሰዋል፤ የድንጋይ ግድግዳ ይውጠዋል፤ ሽፋኑ ደግሞ ዕቃውን ያግለዋል። ከፍ ብሎ፣ ተገልጦ፣ በቤቱ መካከል መሆን አለበት። መተላለፊያው ካለው ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። ዳንቴሉን በአራት አጥፋ በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

እርሷ መሣሪያዋን ስትሰበስብ እኔ ስልኬን ይዤ እንደ መሬት ቀያሽ ዞርሁ። መጻፊያ ክፍል፦ ሙሉ። ማድ ቤት፦ ሦስት መስመር። ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ላይ፦ ሁለት! ይህ ድምፅ የሌለው ነገር ግንብ ተሻግሮ መንገድ ይወጣል። እስከ ዛሬ እንዲህ የሚወጣ የማውቀው የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ብቻ ነበር። እጅግ ደነቀኝ።

የሚወጣ ከሆነ የሚገባበትም አለ፤ ስለዚህ ስምና የይለፍ ቃል ያሻዋል። ሙሉ ስሜን ከነማዕረጉ ልሰጠው ነበር፤ ዘምዘም ቤቱን ለሌባ ማስተዋወቅ ነው ብላ ከለከለችኝ። «ጉና» አልነው፤ በመስኮቴ በሚታየው ተራራ ስም። የይለፍ ቃሉን ብቻዎን ይምረጡ፣ ለእኔም አይንገሩኝ አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ግእዝ አሰብሁ፤ ማሽኑ የሚቀበለው የላቲን ፊደል ብቻ ነው። በመጨረሻ የማልረሳውን ጻፍሁ፦ የጽዋ ማኅበራችንን መልአክ ስምና ቀኑን። ሚካኤል፣ 12። ማን ያስበዋል?

ጥቅምት 10፤ እሑድ

አራት ቀን ጠዋት ጠዋት እንዴት ያለ ንባብ ሆነ! ከ«ሞፈር» ተነሥተን የ«ረ»ን ካርዶች ፈጸምን። ማስተዋል አንድ ጊዜም አልደረቀችም። ሳቋን ከነመጀመሪያው ከነመጨረሻው ሰማሁት።

ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ነገር ነው። ልክ 10 ሰዓት ሲሆን ይንቀራፈፋል። ሠንጠረዥ አበጀሁ፦ ሰዓት፣ ነፋስ፣ የጉና ደመና። ግንኙነት አላገኘሁም። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ሞቷል። ማሽን ሰንበት ያከብራል? ለዘምዘም ደወልሁ፤ ሣቀች፤ ሰው ገብቶ ይሆናል አለች። አልተቀበልሁም። በምን ቃል ይገባል?

ጥቅምት 12፤ አመሻሽ

ከጽዋ መመለሴ ነው። የዚህ ወር ተረኛ ጎረቤቴ አቶ ደረጀ ነበር። ጠላው ጥሩ። ጸሎቱ እንዳበቃ ደረጀ ተነሥቶ በማኅበርተኛው ፊት መረቀኝ፤ ስለ ዋይፋዩ ዕድሜ ይስጥዎ አለ። ሁሉም አሜን አሉ። ሁሉም!

ቃሉን ከየት አገኛችሁት አልሁ።

«ኧረ መምህር! ‹ጉና› የሚል ከአጥርዎ ሲወጣ አየን። የእርስዎ መሆኑን ማን ያጣዋል? ከዚያ ሚካኤልን ሞከርን፤ እምቢ አለ፤ 12 ስንጨምርበት ከፈተ። ሌላ ምን ሊሉ ኖሯል?»

ቤቱ በሣቅ ተናጋ። እኔም ሣቅሁ። ለካስ ስለ እኔ የማያውቁት ነገር የለም። አንዱ መዝሙር ይሰማል፣ አንዱ ኳስ ያያል፣ ሁሉም በእኔው መስመር፤ 10 ሰዓት ሁሉም ቤቱ የሚገባበት ነው። ደመናውን በከንቱ ጠርጥሬአለሁ።

ጥቅምት 13

ለወጥሁት። ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ፊደልና ቁጥር ለቀምሁ። ምንም ትርጉም የለውም። ከሰዓት በኋላም ንባቡ እንደ ውኃ ፈሰሰ። የ«ሰ» ግማሽ ተፈጸመ።

11 ሰዓት ላይ መስኮቱን ልዘጋ ስነሣ ወ/ሮ እናናን አየሁ። የደረጀ ባለቤት። ካፊያ ነው። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ስልኳን ወደ ግንቤ አንሥታ፣ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ልጇ ቤይሩት በሰው ቤት ናት፤ ለመደወል የሚፈቀድላት በሳምንት አንድ ቀን፣ ረቡዕ። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ አሞት ይሆን?» አለችኝ።

ይሆናል አልሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሽበቴ ዋሸሁ። ይማረው ብላ ሄደች፤ ስልኳን ደረቷ ውስጥ አስገብታ።

ብከፍት ካርዶቹ ይቀራሉ። ብዘጋ እናት በዝናብ ትቆማለች። ዓይኔን አሰብሁ፤ የእርሷንም ዓይን አሰብሁ። እራት አልበላሁም።

ጥቅምት 15፤ 5 ሰዓት

ዘምዘም መጥታ ነበር። ሁሉን ነገርኋት፤ ውሸቴንም። ተማሪዬ ፊት መናዘዝ አስቸጋሪ ነው። እርሷ ግን አልተደነቀችም። አንዱ ራውተር ሁለት ዋይፋይ ይሆናል አለች። አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለእንግዳ። እንግዳው ወደ ውጭ ይሄዳል እንጂ የቤቱን ዕቃ አያይም፤ ፍጥነቱም ይመጠንለታል፤ ለወሬና ለፊት መተያያ ይበቃዋል፤ የእኔን ድርሻ ግን አይነካም።

ወዲያው ገባኝ። የድሮ ሰዎች ቤት ነው! አዳራሹ ለመጣው ሁሉ ክፍት፤ እልፍኙ ግን የባለቤቱ። አባቶቻችን በግድግዳ ያደረጉትን ይህች ዕቃ ያለ ግድግዳ ታደርገዋለች። እንደ ሕፃን ደጋግሜ አስደረግኋት፤ አዳራሹን ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች።

የአዳራሹ ቃል ሚካኤል 12 ይሁን አልሁ። ዘምዘም አጉረመረመች፤ እርሱንማ እኔም አውቀዋለሁ፣ ገበያውም ያውቀዋል አለች። ይወቅ። የራሱ የራውተሩ ማስተካከያ የሚከፈትበት የይለፍ ቃልም ከፋብሪካ እንደ መጣ ነበር፤ ለወጠችው።

ለእልፍኙስ? ያ ትርጉም የለሽ የፊደል ድርድር ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኛል፤ ዓይኔ ሲደክም ደግሞ ከወረቀት ማየት ይቀራል። የማልረሳው ግን የማይታወቅ ይሁን አለችና እንደ ልማዷ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

የሺ ሙሽራ ሳለች፣ እንደ ዘመኑ ወግ፣ በስሜ አትጠራኝም ነበር። አንድ ቃል ፈጠረችልኝ። በየትኛውም ቋንቋ የለም። ቤቱ ጭር ሲል ብቻ የምትጠራኝ። ልጃችን እንኳ አልሰማችውም። ጻፍሁት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

ከዚያ ወደ ደረጀ ቤት ሄድሁ። ለእናና ማሽኑ ታሞ እንዳልነበረ፣ የዘጋሁት እኔ እንደ ሆንሁ ነገርኋት። «እንኳን እሱ ደኅና ሆነ» አለች፤ ከዚያ ልጇ ነገ ለመደወል የአሠሪዋን ፈቃድ እንደምትጠይቅ በጽሑፍ መልእክት መላኳን ነገረችኝ።

ጥቅምት 16፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል

አዳራሹ ሞልቷል። ዘጠኝ ስልክ መግባቱ በስልኬ ላይ ይታየኛል። በግንቡ በኩል የእናና ድምፅ ይሰማል፤ ከቤቷ ሆና፤ ትጮኻለች፤ ቤይሩት ሩቅ ስለ ሆነ ይመስለኛል። እኔና ማስተዋል «ቀ» ላይ ነን።

ከካርዶቹ መካከል አንድ የረሳሁት ወጣ። የየሺ ቃል። በተጋባን ሰሞን ጽፌው ኖሯል፤ ትርጉም ከሚሰፈርበት ባዶ ትቼ። በየትኛው ሣጥን እንደ ነበረ አልነግርህም። ማስተዋል፣ ቀጥል እንጂ አባዬ፣ ምን አገኘህ አለችኝ። ምንም አልሁ። ይህኛው ውሸት አይቆጠርብኝም። በመዝገቡ ውስጥ አይገባም፤ ወስኛለሁ። በዳንቴሉ ጠቀለልሁት፤ ቡፌው ውስጥ አስቀመጥሁት፤ ቆለፍሁ።

ከአንተ የምደብቀው የለም ብዬህ ነበር። አንድ አለ። ይቅር በለኝ፤ ልጄ እየጠበቀች ነው፤ «ቀንበር» አልሁ፤ እርሷም ጽፌአለሁ አለች፤ የሚቀጥለውን ካርድ አነሣሁ።