ክብ ጆሮና ሹል ጆሮ

ለእታለሜ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እንዴት ከርመሻል? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ ሳል ተወሽ ወይ? ልጅሽ መራመድ ጀመረች ሲሉ ከሰው ሰምቻለሁ፤ ካንቺ ብሰማው ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን እኔም ስላልጻፍኩ መውቀስ አልችልም። እኔ ደህና ነኝ። አባባም ከዓይናቸው በቀር ደህና ናቸው።

ይህ አራተኛው ደብዳቤ ነው። ሦስቱን ቀድጄ ሙጫ ጠርጌባቸዋለሁ። ሁለት መስመር እጽፍና እነሳለሁ፣ በሩ ድረስ ሄጄ ማንም ሳይጠራኝ እመለሳለሁ። ትናንት ለአንዲት ደንበኛ ጫማዋ ላይ የሌላ ሰው ተረከዝ መትቼ ሰጥቻት እያነከሰች ተመልሳ መጣች። አባባ የእርምጃዋን ድምፅ ሰምተው «የዚች ሴት አንድ እግሯ አጥሯል» አሉ። ልቤ እንዲህ የተንጠለጠለው በሁለት ቡችላ ነው ብልሽ ትስቂብኝ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሱቃችን ሦስት መንገድ አልፎ ውሻ የምታረባ ሴት አለች። የቀሯት ሁለት ቡችሎች ናቸው፤ አንዱን ፍሬንች ቡልዶግ፣ ሌላውን ቦስተን ቴሪየር ትላቸዋለች። ሁለቱም አፍንጫቸው ድፍጥጥ፣ ዓይናቸው ፍጥጥ ያለ፣ ጭራቸው ከመኖር የማይቆጠር ነው። ሁለቱም ጥቁር ሆነው ደረታቸው ነጭ ነው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። እኔ እንዲህ ስል ሴትዮዋ ሳቀችብኝ። ፍሬንቹ ደንዳና፣ እግረ አጭር፣ ሲተኛ የሚያንኮራፋ ነው፤ ጆሮው ጫፉ ላይ ክብ ነው። ቦስተኑ ቀጠን ብሎ እግሩ ረዘም ይላል፤ ጆሮው ሹል ነው፤ አንድ ቦታ ማረፍ አያውቅም። ይህን ስትል እኔን የምትገልጽ መስሎኝ ነበር። ቀጥላ የቀድሞው ውሻችሁ የትኛው ነበር ብላ ብትጠይቀኝ አላውቅም አልኳት። ዳኛውን ቡችላ ሳለ ያመጣሽው አንቺ ነሽ፤ ግንባሩን አኮሳትሮ ስላየን ስም ያወጣሽለትም አንቺ። እኔ አሥር ዓመት አብሬው ኖሬ ጆሮውን አላስተዋልኩም።

እንግዲህ ከፈራሁት ቦታ ደረስኩ። ዳኛው ሞቷል።

አባባ ለዓይናቸው ሆስፒታል በተኙ ሰሞን ነው። ሙቀቱ የከፋበት ቀን ነበር። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ሱቁ ውስጥ ዘግቼበት ልጠይቃቸው ሄድኩ። የቆርቆሮው በር ፀሐይ ሲመታው እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ሐኪሙን ስጠብቅ ቀኑ ሄደ። ስመለስ ከአባባ መቀመጫ ሥር ተጋድሞ አገኘሁት። ፊታቸው የተደፈጠጠ ውሾች ሙቀት እንደማይችሉ፣ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው የሰማሁት አሁን ከሴትዮዋ ነው። በዚህ ሁለቱም ዘር አንድ ናቸው። የገደልኩት እኔ ነኝ፣ እታለም። ለሰው ስናገረው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ለአባባ ዋሸኋቸው። ዓይናቸው በፋሻ እንደታሰረ ቤት ሲገቡ ዳኛው የታለ አሉኝ፤ ሳላስበው «እታለም ወስዳዋለች» አልኩ። እሱን ካገባሽ አባት የለሽም ብለውሽ ከወጣሽ ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ስምሽን አልጠሩም። እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር። ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩና፣

«ራሷ መጥታ ነው የወሰደችው?» አሉ።

«ራሷ።»

«እዚህ ቤት ገብታ?»

«አዎ፣ ገብታ።»

ፋሻው ከሳምንት በኋላ ተፈታ፤ ዓይናቸው ግን አልበራም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስለ ውሻው ይጠይቁኛል። በደንብ ይበላል ወይ ይላሉ፤ ይበላል እላለሁ። ብርድ ሲሆን አሁንም ያስለዋል ወይ? ዳኛው አንድ ቀን እንኳን አስሎት አያውቅም። ቁጣው በረደለት ወይ? እሱ እንደሆነ ዝንብ ብታርፍበት የማይቆጣ ነበር። አንድ ጠዋት ደግሞ ያለ መብራት መተኛት ለመደ ወይ አሉኝ። እዚህ ቤት መብራት ሲጠፋ ማን ያለቅስ እንደነበር እኔም አንቺም እናውቃለን። ለምዷል ብዬ መለስኩ፤ አንዴ የዋሸ ሰው ምን ያደርጋል።

ብቻቸውን ሲቀመጡ ማየት አላስችል ብሎኝ ዳኛው እስኪመለስ ቡችላ ልግዛልዎት አልኳቸውና ትናንት ወደ ሴትዮዋ ወሰድኳቸው። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ጉልበታቸው አስቀመጠችላቸው። አርባ ዓመት ቆዳ የዳበሰ እጅ ነውና ማንም ሳይነግራቸው «ይሄ ጆሮው ሹል ነው፣ ይሄ ክብ» አሉ። እኔ ሁለት ሳምንት ተጨንቄ የለየሁትን ነው። እጃቸው ክቡ ጆሮ ላይ ብዙ ቆየ። ዳኛውን የሚመስለው የትኛው ነው አልኳቸው።

«እሱን ያመጣችው ታውቃለች» አሉ። «እሷ ትምረጥ።»

ቤት ስንገባ ቀጥ ብለው ሄደው ከበሩ ኋላ፣ ከምስማሩ ላይ የዳኛውን የአንገት ማሰሪያ አወረዱ። ራሳቸው የሰፉትን። አንገቱ ላይ እንዳለ ካንቺ ጋር ሄደ ብዬ የማልኩላቸውን። እጃቸው ግድግዳውን እንኳን አልዳበሰም፤ የት እንደተሰቀለ ያውቁ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ። አባባ ግን ወስፌ አቀብለኝ ብለው ተቀመጡና ለቡችላ አንገት የሚሆን ቀዳዳ በጣታቸው እየለኩ መብሳት ጀመሩ። እኔ ጠዋት ጠዋት የጠየቁኝን ሁሉ ከመጀመሪያው አንድ በአንድ እያነሳሁ ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል።

ሴትዮዋ ሁለቱንም እስከ ቅዳሜ ለማንም ላትሸጥ ቃል ሰጥታኛለች። ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ነይ። ሌላ ነገር አልለምንሽም፤ ክብ ጆሮ ወይ ሹል ጆሮ በይና ከፈለግሽ ተመለሺ። ልጅሽን ግን ይዘሻት ነይ።

ደብዳቤውን ልዘጋው ስል አባባ አስነሱኝ። አንቺ ክፍል ያለው አምፖል ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ቀይረው አሉኝ። ለምን ብላቸው ቡችላ ጨለማ ይፈራል አሉ። ቀየርኩት። እርሳቸው በሩ ላይ ቆመው በርቷል ወይ ብለው ሁለቴ ጠየቁኝ።

ቤትሽን በሰላም ይጠብቅልኝ፤ ልጅሽን በዕድሜ በጤና ያሳድግልሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ።

በስምሽ የዋሸው ታናሽ ወንድምሽ