አርባ አንደኛው ጥያቄ

ለታናሽ እህቴ ለሙሉመቤት፣ ናዝሬት

እንደምን ከርመሻል ሙሉዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ቅዱሳኑን ሁሉ በየስማቸው ትጠሪያለሽ? ስኳርሽን በየጠዋቱ ትለኪያለሽ ወይስ ሐኪሙን መዋሸቱን ቀጥለሻል? ልጅሽ ተክሉ እንዴት ነው? ምራትሽ ናፍቆትስ፣ እስካሁን ችላሻለች? የልጅ ልጅሽ አቤኔዘር የፊት ጥርሱ በቀለ ወይስ እንደ አያቱ ድዱን እያሳየ ይስቃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ዐይኔ ትንሽ ደክሟል፣ ጆሮዬ የሚፈልገውን ብቻ ይሰማል፣ ምላሴ ግን እንደምታውቂው ነው። ልጄ ውባንቺም ደህና ናት፤ ሁርሊንግሃም ያለው ምግብ ቤቷ ቅዳሜና እሑድ ሰው አያጣም። የምንኖረው አሁንም እዚሁ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን።

ለምን በስልክ አልነገርከኝም ትዪኝ ይሆናል። ስልኩ የውባንቺ ነው፤ አንቺም ስልክ ስትይዢ ያለ ስልክ እዚህ ድረስ ለመሰማት ነው የምትጮኺው። ልነግርሽ ያሰብኩትን ደግሞ ውባንቺ እንድትሰማ አልፈልግም፤ ቢያንስ እስከ ነገ። ስለዚህ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ የምትነግደው ኩለሱም ዕቃ ልታመጣ አዲስ አበባ ስለምትሄድ ደብዳቤውን በእጇ ልኬልሻለሁ። እሷ አትከፍተውም። አንቺ ብትሆኚ ሞያሌ ሳትደርሺ አንብበሽ ትጨርሺው ነበር።

ነገሩ የልጅ ልጄ የምርቃት ጉዳይ ነው። ያቺ የውባንቺ ልጅ፣ ፎቶዋን የላክንልሽ፣ ቁመቷ ወደ እኔ መልኳ ወደ አንቺ የሄደባት፤ እግዜር ይርዳት። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ተምራ፣ የዚህን አገር ዜግነት ካገኘች አራት ዓመቷ ነው። ዲግሪዋን ይዛ በእናቷ ምግብ ቤት ሂሳብ ስትቀበል ሦስት ዓመት ሞላት። የእናቷን ቤት ንቃ አይደለም፤ ልጅቷ የምትፈልገው የራሷን ወንበር ነው። ሰኔ ላይ ልደት የሚመዘግብ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው ሊቀጥር መሆኑ ተነገረ። ለመግባት ፈተና አለው። የፈተናው ግማሽ ደግሞ ጠቅላላ ዕውቀት የሚሉት ነገር ነው።

እስቲ አንቺ ፍረጂ። የሕፃን ስም ለመመዝገብ የአፍሪካ ጥልቁ ሐይቅ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ምን ይረባል? እናት ልጇን ታቅፋ መስኮቱ ጋ ስትቆም “እመቤቴ፣ መጀመሪያ ስለ ታንጋኒካ ትንሽ ላጫውትሽ” ልትላት ነው? እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። አንድም ባለጉዳይ ጨረቃ ምን ያህል ትርቃለች ብሎኝ አያውቅም። ሁሉም የሚለኝ “ፋይሌ የት ገባ?” ነው። እሱን ግን ፈተናው አይጠይቅም! የካውንቲዎቹ፣ የአስተዳደር ክልሎቹ ማለቴ ነው፣ ቁጥር ስንት ነው፣ በባንዲራው ላይ ያለው ቀይ የምን ምልክት ነው፣ የትኛው ወንዝ ወደ የትኛው ይገባል። አሁን ስጽፍልሽ እንኳን ወረቀቱን በእስክሪብቶ እበሳዋለሁ፤ ከእርጅና አይደለም፣ ከንዴት ነው።

መናደዱን ተናድጄ ማስጠናቱን ግን ለማንም አልሰጠሁም። ወፍራም ደብተር ገዝቼ ሦስት መቶ አርባ ጥያቄ ከነመልሱ በእጄ ጻፍኩላት። የማላውቀውን ምርቃት ከገዛችው መጽሐፍ ገለበጥኩ፣ የማውቀውን ከራሴ አወጣሁ። ጠዋት ጠዋት ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ መቆሚያ ድረስ እየሸኘኋት እጠይቃታለሁ። መኪናው ሲነሣም አላቆምም፣ በመስኮቱ እጮኻለሁ። አንድ ቀን “ካውንቲዎቹ ስንት ናቸው?” ብዬ ስጮህ ረዳቱ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ “አርባ ሰባት፣ ባቡ! እኔን ያስቀጥሩኝ!” አለኝ። ባቡ እዚህ አያት ማለት ነው፤ ምርቃትም የምትጠራኝ እንደዚያ ነው። መኪና ሙሉ ሰው ሳቀ፣ ምርቃት ፊቷን በሻርፕ ሸፈነች። ማታ ስትመለስ “ባቡ ፕሊዝ፣ ከነገ ጀምሮ ቤት ውስጥ ብቻ” አለችኝ። እሺ አልኳት። በማግሥቱ ደገምኩት።

ነሐሴ ላይ ተፈተነች። በር ላይ ጠብቄ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አስቆጠርኳት። አርባ አንደኛው “የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በየትኛው ዓመት ተመሠረተ?” የሚል ነበር። የሚመረጥ የለውም፣ መልሱን መጻፍ ነው። “ምን ብለሽ ጻፍሽ?” ብላት “1955” አለችኝ። እዚያው መንገድ ላይ አገላብጬ ሳምኳት። ሙሉዬ፣ ይህችን ጥያቄ ከመጽሐፍ አልገለበጥኳትም። ለምን ብዬ? እኔና አንቺ ቆመን ያየነው ቀን አይደለም? ትምህርት ቤታችን አሰልፎን፣ እኔ ባንዲራ አንቺ አበባ ይዘሽ፣ የፖሊሱ ፈረስ አንገቱን ዘርግቶ አበባሽን ሲበላብሽ! የአፍሪካ መሪዎች በሙሉ ፊትሽ አለፉ፤ አንቺ ግን ፈረሱን እየተራገምሽ ስታለቅሺ አንዳቸውንም አላየሽም። ግንቦት 17 ቀን 1955። ስሜን ብረሳ እሱን አልረሳውም።

ባለፈው ሳምንት ውጤት ወጣ። ማለፊያው ሰባ ሁለት፣ የምርቃት ሰባ አንድ። በአንድ ነጥብ! ውባንቺ ቀኑን ሙሉ ድስት ስታጋጭ ዋለች። አመሻሹ ላይ “ትንሽ ጠንክረሽ ብታጠኚ ምን ነበረበት?” አለቻት። ልጅቷ ሳህኖቹን ማነሣሣት ጀመረች። እኔ ግን ብድግ አልኩ። አራሚው ተሳስቷል፣ ወረቀትሽን አሳዩኝ ማለት መብትሽ ነው አልኳት። “ባቡ፣ ተወው” አለችኝ። ሦስት ጊዜ ተወው አለችኝ። ፈሪ መሰለችኝ። አያትሽ በሕይወት እያለ ነጥብሽን ማንም አይበላም ብዬ ፎከርኩ። ግራጫውን ሙሉ ልብሴን ለበስኩ፣ ከረባቴን አሰርኩ፣ ጎትቼ ወሰድኳት።

መስኮቱ ላይ የነበረው ጸሐፊ ጨዋ ልጅ ነው፤ ይኸው ነው ያናደደኝ። ቁጣዬን እስክጨርስ ጠበቀኝ፣ ወንበር ሰጠኝ፣ የመልስ ወረቀቷን አምጥቶ ፊታችን ዘረጋው። በጣቴ እየቆጠርኩ ወረድኩ። አርባ አንድ ላይ ቀይ ኤክስ ተጋድሟል። ጠረጴዛውን መታሁት። “ይኸው የበላችኋት! ይህን ቀን እኔ በዐይኔ አይቼዋለሁ!” አልኩ። ምርቃት አንገቷን ደፍታ ግማሹን ብቻ አስተረጎመችልኝ። ልጁ አልተቆጣም። “አባቴ፣ በ1955 እኛ ገና በእንግሊዝ ሥር ነበርን። አብዛኛው አፍሪካም እንደኛው ነበር። ታዲያ አዲስ አበባ የመጣላችሁ ማን ነበር?” አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ “1963 ነው” አለ።

ስምንት ዓመት! የእኛና የእነሱ አቆጣጠር! አየሽ ጉድ? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከውጭ የገባ ደብዳቤ ሁሉ ላይ ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደብተሩ ላይ ያለው ሌላው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በእነሱ ነው፤ ከመጽሐፍ የተገለበጠ ነዋ። ራሴ ቆሜ ባየሁት በአንዱ ብቻ ሳላስበው ወደ እኛ ተመለስኩ። አላጣራሁም። የገዛ ዐይኔን ከማን ጋር ላጣራ?

መሸነፍ አልወድምና ዝም አላልኩም። ድርጅቱ የተመሠረተው በእኛ ከተማ ነው፣ በከተማው አቆጣጠር 1955 ነው፣ ጥያቄው ደግሞ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አይናገርም ብዬ ተከራከርኩ። ልጁ አሰበበት። እውነቴን ነው፣ አገጩን ይዞ አሰበበት። ከዚያ “ፖሌ ሳና” አለኝ፤ በጣም አዝናለሁ ማለቱ ነው። “ግን ልደት የሚመዘግብ ሰው ይህን መለየት ያለበት ይመስለኛል” ብሎ ወረቀቱን አጠፈው። ከመቶ ጥያቄ ውስጥ ለሥራው የምትረባው አንዲቷ ጥያቄ እሷው ሆና አረፈችው፣ እሷን ያበላሸሁት ደግሞ እኔ!

ስንመለስ ማታቱ ውስጥ ምርቃት በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች “አውቀው ነበር እኮ ባቡ” አለችኝ። ምኑን አልኳት። “1963ን። መጽሐፉ ላይ አለ። ፈተናው ላይ ሁለቱም መጡብኝ።” ታዲያ ለምን የእኔን ጻፍሽ ብላት ዞር ብላ አየችኝና “መጽሐፉ እዚያ አልነበረማ። አንተ ነበርክ” አለችኝ። ቀጥላም “ለማሚ እንዳትነግራት፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት እላታለሁ። ዲል? ተስማማን?” ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። ሰባ አምስት ዓመቴ ነው፤ ከልጅ ልጄ ጋር ውሸት ስዋዋል ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እጇን ጨበጥኩ። ባልጨብጥ ይሻል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ንዴቴ የሚያርፍበት አጣ። በጸሐፊው እንዳልናደድ ወንበር ሰጥቶኛል። በፈተናው እንዳልናደድ ልክ ነው። በምርቃት እንዴት ብዬ? ስለዚህ በውሃው እናደዳለሁ፣ በደረጃው እናደዳለሁ፣ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ዶሮ በሚያረባው ጎረቤታችን እናደዳለሁ። ትናንት ደብተሩን ልቀድደው አንሥቼ ነበር። ምርቃት ከእጄ ነጠቀችኝ። ሌላ ዙር ፈተና ይኖራል ይላሉ፣ መቼ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። “አንተ ትጠይቃለህ፣ መልሱን እኔ አያለሁ” ብላ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። ይኸው እኔ ልታረም ደረስኩ።

አሁን ካንቺ የምፈልገው ያንን ፎቶ ነው። የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አፍሽን ከፍተሽ የምታለቅሺበት፣ እኔ ባንዲራዬን ይዤ ከጎንሽ የቆምኩበት፣ ከኋላሽ የፈረሱ ጭራ የሚታይበት። ለመሥሪያ ቤቱ ማስረጃ ላደርገው አስቤ ነበር፣ ተውኩት። ለምርቃት ነው። እዚያ ነበርኩ ስላት አልዋሸኋትም፣ እሱን እንድታይልኝ ነው። ጀርባው ላይ መምህራችን የጻፉትን “ግንቦት 17 ቀን 1955” እንዳትነኪው። ከሥሩ በራስሽ እጅ “ሜይ 25 ቀን 1963” ብለሽ ጨምሪበት። የእኔ እጅ ለጊዜው አይታመንም። ኩለሱም ስትመለስ ስጫት።

ለውባንቺ ደግሞ ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ራሴ እነግራታለሁ። ልጅቷ ለእኔ ስትል በእናቷ ዘንድ ሰነፍ ተብላ መቅረቷ እንቅልፍ ነስቶኛል። ውባንቺ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ የአንቺን ቁጣ ነው የወረሰችው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ተነግሮ ያለቀ ነውና በስልክ የፈለግሽውን ያህል ጩኺ።

ተክሉን አቅፈሽ ሳሚልኝ። ናፍቆትን ስለ ትዕግሥቷ አመስግኛት ብሎኛል በያት። አቤኔዘርን ጉንጩን ቆንጥጪልኝ፣ እንዲያለቅስ ሳይሆን እንዲያስታውሰኝ። ለጎረቤቶችሽ ሁሉ፣ ከዚያች ከተጣላሻት ጭምር፣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ውባንቺና ምርቃት እጅ ይነሣሉ። ጉልበትሽን ይማርልኝ።

ወንድምሽ ጌታቸው

ናይሮቢ፣ ካሳራኒ
በእኛ ጥቅምት 8 ቀን 2018፣ በእነሱ ኦክቶበር 18 ቀን 2025
(ቀኑን ምርቃት አይታ ልክ ነው ብላለች። የቀረውን በእጄ ከልዬባታለሁ።)