ደህና ነኝ ያለው ታማሚ

ውድ ሉሊት፣

ጤናሽን አልጠይቅሽም፤ ደህና ነኝ ብለሽ እንደምትሸነግይኝ አውቃለሁ። ወረኢሉ አክስትሽ ቤት ገብተሽ እንደተቀመጥሽ፣ ዓረብ አገር ለመሄድም ፓስፖርት እያወጣሽ እንደሆነ እናትሽ እታገኘሁ ገበያ መሀል ቆማ እያለቀሰች ነገረችኝ። "አባባ አራጌ፣ ልጄ ነርስነቱን ጣለችው" አለችኝ። "አስጥለዋት ነው እንጂ እሷ አልጣለችውም" አልኋትና ጥያት ሄድሁ። ከሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፤ የሚያለቅስ ሰው ማየትም አልወድም። ቤቴ ገብቼ ግን ወረቀት አወጣሁ።

ስለ ምዘናው ቀን አንቺ የምታውቂው ግማሹን ነው። የቀረውን እኔ ልንገርሽ፤ አልጋው ላይ የተኛሁት እኔ ነኝና።

የነርሶች የሙያ ብቃት ምዘና መካነ ሰላም ሊካሄድ ነው፣ ታማሚ መስሎ የሚተኛ ሽማግሌ ይፈለጋል ሲባል ሄጄ ተመዘገብሁ። መዛኙ ብዙነህ ከከተማ የመጣ ሰው ነው። የምናገረው የተጻፈበትን ወረቀት ሰጠኝና "ማን ያንብብልዎት?" አለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብሁለት። ፊደልን ያለ አስተማሪ ነው የለየሁት፤ አንባቢም አያስፈልገኝም። ወረቀቱ ሆዴን በቀኝ በኩል ያመኛል፣ የበላሁት አይረጋልኝም ይላል። "ካልተጠየቁ እንዳይናገሩ" ብሎ አስጠነቀቀኝ። ከተመዛኞቹ አንዷን አውቃታለሁ ብዬ ነገርሁት። "ችግር የለውም፤ ነጥብ የምሰጠው እኔ ነኝ" አለ።

የመጀመሪያው ልጅ ገባ። "አባባ፣ እንዴት ነዎት?" አለኝ።

"እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" አልሁት።

ልጁ ክው አለ። ብዙነህ ከጥግ ብድግ ብሎ "አባባ! ታመዋል እኮ!" አለኝ።

"ታዲያ ሰላም ላለኝ ሰው ሁሉ ሆዴን ልዘርግፍለት? የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም።"

"ምዘና ነው፣ አባባ!"

"በሽተኛ ሁን ብለኸኛል። በሽተኛ ደግሞ እዚህ አገር እንዲህ ነው።"

ልጁ ሳቁን መያዝ አቃተው። ከእሱ በኋላ የገቡት ደህና ነኝ ስላቸው ሆዴን ወደ መጫኑ አለፉ። አንዷ ግራዬን ተጭና "አመመዎት?" አለችኝ። አላመመኝም አልኋት። ሁሉም በሰዓታቸው ጨርሰው ወጡ።

ከዚያ አንቺ ገባሽ። ወንበር ስበሽ ተቀመጥሽ። "እንደምን ዋሉ አባባ? እትዬ የሻለምስ? ገብሱ እንዴት ሆነ?" አልሽኝ። ውርጭ እንደመታው ነገርሁሽ። ስለ በቅሎዬም ጠየቅሽኝ። ብዙነህ ስልኩን እያየ ጉሮሮውን ይጠርጋል። "በሉ እንግዲህ፣ ደህናውን ሰማሁ፤ አሁን ደህና ያልሆነውን ይንገሩኝ" አልሽ። ያን ጊዜ ወረቀቱ ላይ ያለውን አንድም ሳላስቀር ነገርሁሽ። እጅሽን ወደ ሆዴ ስትዘረጊ የብዙነህ ስልክ ጮኸ። ሰዓት አለቀ። "ገና ብቁ አይደለችም" ብሎ ጻፈብሽ።

አሁን የማትወጂውን ልንገርሽ። እጅሽን አልታጠብሽም። ውሃውም ሳሙናውም በሩ አጠገብ ነበር። እኔ አይቼሻለሁ፣ ብዙነህም አይቷል። በዚያ ዜሮ ሰጥቶሻል፤ እኔም ብሆን እሰጥሽ ነበር። ስለ እሱ አንዲት ቃል አልተነፈስሁልሽም፣ ወደፊትም አልተነፍስም። የተጣላሁት ታማሚውን በመጠየቅም ዜሮ ስለሰጠሽ ነው። "ጊዜ አባከነች" አለኝ። "ከገቡት ሁሉ ሕመሜን የሰማች እሷ ብቻ ናት" አልሁት። "አባባ፣ እርስዎ ሕመም የለብዎትም!" ብሎ ጮኸብኝ። "አንተም ጆሮ የለህም" ብዬው ወጣሁ።

ለምን እንዲህ እንደያዝሁት አንቺ ታውቂያለሽ። ባለቤቴን የሻለምን አንቺ ልምምድ ላይ ወደነበርሽበት ጤና ጣቢያ ያመጣኋት ቀን ሌላው ባለሙያ "እንዴት ነሽ እናቴ?" ሲላት "ደህና ነኝ፣ ወገቤን ትንሽ ነው" ብላ ማስታገሻ ተሰጥቷት ልትወጣ ነበር። መተላለፊያው ላይ እጇን ይዘሽ አስቀመጥሻት። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ዶሮዎቿ ስታስወሪያት ቆየሽና ወደ እኔ ዞረሽ "አባባ፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ" አልሽ።

"ባሏ እኮ ነኝ!" አልሁ።

"ባሏ ስለሆኑ ነው" አልሽኝ።

በሰው ፊት ሰደብሁሽ። እሷ ግን ከእኔ ደብቃ የኖረችውን የደም መፍሰስ ለአንቺ ነገረችሽ። ወዲያው ወደ ደሴ ተላከች፤ ዕጢ ተገኝቶባት ወጣላት። ዛሬ ጓሮ ቆማ ዶሮዎቹንና እኔን ሳታበላልጥ ትሰድባለች። ውጣ መባሌን ግን አሁንም አልተቀበልሁትም። ይህን እወቂው።

ውጤቱ እንደተለጠፈ ወደ ምዘናው ቢሮ ሄድሁ። ኃላፊዋ አሚራ "አባባ፣ ታማሚ ሆኖ የተኛ ሰው ቅሬታ አያቀርብም፤ ደንቡ አይፈቅድም" አለችኝ።

"ደንቡን አምጪው" አልኋት።

አመጣችው። ቆሜ አነበብሁት። እውነቷን ነው፤ ተመዛኟ ራሷ ካልሆነች ማንም አይችልም። ነገር ግን ራሷ ከጠየቀች በሌላ መዛኝ ዳግመኛ ትታያለች ይላል። ቀነ ገደቡ ዓርብ ነው። "ትምጣ ብቻ፣ ወላሂ እኔ እቀበላታለሁ" አለች አሚራ። እኔን ከአልጋው አንስተውኛል። በእኔ ምትክ የጥበቃ ሠራተኛውን አለኸኝን አስተኝተዋል፤ በሩ ገና ሲከፈት "ሆዴን!" ይላል አሉ።

ስለዚህ ሐሙስ አውቶቡስ ተሳፈሪ። ዓረብ አገር መሄድ ከፈለግሽ ኋላ ትሄጃለሽ፤ እጅ እግርሽን አላስርም። የብዙነህን ቃል ተሸክመሽ ግን ከዚህ አገር አትወጪም። ገብተሽ እጅሽን ታጠቢ። እየጠየቅሽ ዳስሺ፤ አፍና እጅ አብረው መሥራት ይችላሉ። ስለ በቅሎዋ አትጠይቂ፣ እሱ ትርፍ ነበር። ዳግመኛ ብትወድቂ እነሱ ፊት ቆመሽ ውደቂ፤ እኔም ዳግመኛ ደንቡን አስመጥቼ አነባለሁ። የሻለም "ተዋት፣ ልጅቷ ደክሟታል" ትለኛለች። እሷንም እንቢ ብያታለሁ። ደግሞ አብሽሪ በይልኝ ብላሻለች፤ ይኸው ብያለሁ።

ዓርብ ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ ነኝ። እስኪዘጋም አልነቃነቅም። የሚያልፍ የሚያገድመው ማንን እንደምጠብቅ ሲጠይቀኝ፣ ነርሷን ነው እላለሁ።

አራጌ ኪዳነማርያም
መካነ ሰላም