በወንድማቸው ልክ የተሠራ ፊት

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ጋሽ ሚሊሜትር» በመባል የሚታወቁት የቶርኖ ማሽን ብረት ቀራጭ፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። በዓመቱ ታናሽ ወንድማቸው ተወለዱ፤ ሁለቱ እንደ አንድ ባቄላ ክክ ይመሳሰሉ ስለነበር አንዱ ባጠፋ ሌላው ይገረፍ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በቴክኒክ ትምህርት ቤት በብረታ ብረት ሥራ ተመርቀው በመለዋወጫ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ቅጽል ስማቸውን ያተረፉት የጎረቤት በር ሲገጥሙ እንኳ በካሊፐር እስከ ሚሊሜትር ስለሚለኩ ነው። በ1978 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

በ1990 ዓ.ም. ከማሽኑ ተፈናጥሮ የወጣ ብረት ፊታቸውን መታቸው። ዓይን የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ሰባት አጥንቶች የሚጋጠሙበት ሲሆን ወለሉ እንደ ዕንቁላል ቅርፊት ስስ ነው። የሁለቱም ዓይኖቻቸው ወለል ተሰብሮ ዓይኖቻቸው ወደ ታች ሰመጡ፤ አንዱን ነገር ሁለት አድርገው ያዩ ጀመር። ቀዶ ሐኪሟ እንዲህ ያለውን ስብራት የምትጠግነው በደህናው ጎን ልክ ነበር። የእሳቸው ግን ደህና ጎን አልተረፈም። አልጋው አጠገብ የቆሙትን ታናሽየውን አየት አድርጋ «ፊትዎን ያበድሩናል?» አለቻቸው። በሲቲ ስካን ከተነሳው የወንድም ራስ ቅል አምሳያ ተሠራ፤ ስስ የብረት ወንፊት በአምሳያው ላይ ታጥፎ ከዓይኖቻቸው ሥር ገባ። ከሰመመን እንደነቁ «ስንት ሚሊሜትር ሳተ?» ብለው ጠየቁ። ፋሻው ሲነሳ ወንድማቸውን አንድ ሰው ሆነው አዩአቸው። ወንድማቸውም «ከእንግዲህ ስትታጠብ የኔንም እጠብልኝ» አሏቸው።

ወንድማቸው በ1994 ዓ.ም. በመርከብ ሥራ ተቀጥረው ሄዱ። አንድ ጊዜ ደወሉ፤ ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ጠፋ።

ጋሽ ሚሊሜትር በየዓመቱ ፎቶ ቤት እየገቡ ይነሱና «የጠፋ ሰው» በሚለው ማስታወቂያ ላይ የራሳቸውን ፎቶ ይለጥፉ ነበር። የወንድማቸው አሮጌ ፎቶ ገና ሽበት የለበትም፤ «አሁን እኔን ነው የሚመስለው» ይሉ ነበር። መንገደኛው እጃቸውን እየያዘ «አባት፣ ቤተሰብዎ እየፈለገዎት ነው!» ሲላቸው፣ «ፈላጊው እኔ ነኝ፤ ተፈላጊውን አምጣልኝ» ብለው ሻይ ይጋብዙታል። ካመሹ ባለቤታቸው «ግማሽህ የጠፋው ይበቃናል፤ አንተ እንኳ በጊዜ ግባ» ይሏቸዋል። ጢማቸውን ሲላጩ መስታወቱ ፊት ብዙ ይቆዩ ነበር፤ ያን ጊዜ ከቤቱ ማንም አይጠራቸውም።

የሳንባ ሕመም ጸንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ሳለ፣ ይህን የሕይወት ታሪክ እንድታዘጋጅ ታላቋን ልጃቸውን ራሳቸው አዘዟት። አጎቷ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። አባቷም ገብቷቸው «ከሞቱት ጋር እንዳትጽፊው» አሏት፤ «የምሞተው እኔ ነኝ።»

መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ ለእሳቸው ዕረፍትን፣ ለወንድማቸውም የመመለሻ መንገድን ይስጥልን።