ሆጃው ውስጥ ያለው ጨው

ሰኞ
አይደለም ጀማል፣ ጨዋታ አይደለም። ጮኸህብኝ መልሴን ሳትሰማ ስለዘጋህ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ። መቻራ ቁጭ ብለህ "ከዘጠነኛ ያቋረጠች እህቴ አባባን አታክምም፣ የደም ግፊቱ ካልወረደ መጥቼ እወስደዋለሁ" ትላለህ። ማን አከመ? መድኃኒቱን የሰጠችው ነርሷ ናት። እኔ ጨዉን ነው የምጠብቀው፣ በስልኬ አፕ። የበላውን አስገባለሁ፣ ጨው ከበዛ ቀይ ይሆናል። ወጡ ላይ ቀነስኩ። አፑ አረንጓዴ ነው። ግፊቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

አፑ ደግሞ ፒዛ በልቷል ወይ ይለኛል። ቺሮ ላይ። አቦ ተወኝ።

ማክሰኞ
ያዝኩት። አባባና ጎረቤታችን አባ ሙሳ ጫት ይዘው በርጫ ላይ ናቸው። ሆጃ አስገባሁላቸው፣ ያው በወተት የፈላ የቡና ገለባ። አባባ ፔርሙዙን ከፍቶ ጨው ዘገነበት። ስንት ዓመት አይቼዋለሁ፣ ዛሬ ገና ታየኝ።
"ይሄን ለምን አልነገርከኝም?"
"የበላሁትን ነው የጠየቅሽኝ። ሆጃ ይበላል እንዴ?"
ነደደኝ። ፔርሙዙን ነጥቄ ውጪ ደፋሁት፣ እንግዳ ፊት። አባ ሙሳ "ይቺን ኬላ ላይ ለፍተሻ አቁሟት" አለ። አባባ አልሳቀም። ራትም አልበላም።

ረቡዕ
ጠዋት አላናገረኝም። አለቀስኩ። (ይሄን መስመር ፎቶ ሳነሳ በጣቴ እሸፍነዋለሁ።)
አፑ ሆጃ የሚባል አያውቅም። ራሴ ጨመርኩት፣ ጨዉን በማንኪያ ለክቼ። ቀይ ሆነ። ለአባባ አሳየሁት። "ይሄ ሁሉ የኔ ነው?" አለ።
ከሰዓት ያለ ጨው አፈላሁ፣ ዝንጅብል አድርጌበት። ጨዉን ለእንግዳ ለብቻው አቀረብኩ። አባባ ቀምሶ "የበሽተኛ ነው" አለ።
አባ ሙሳ "በሽተኛ አይደለህ? ጠጣ እንጂ" አለው።
ጠጣ። ደገመም።

ሰኞ፣ ከሳምንት በኋላ
ጤና ጣቢያ። ነርሷ ለካች፣ ደግማ ለካች። "ወርዷል። ምን አደረጋችሁ?"
አባባ "እሷን ጠይቂ" አለ። ሰው ሁሉ እየሰማ።
ነርሷ የጎጃም ልጅ ናት፣ ሆጃ አታውቅም። አስረዳኋት። ሌሎቹንም በሽተኞች እጠይቃለሁ አለች። መድኃኒቱ አይቋረጥም፣ በወሩ ተመልሰን እንለካለን። ሊወጣ ይችላል፣ አላውቅም። ዛሬ ግን ወርዷል።

ስለዚህ አባባን የትም አትወስደውም። ይሄን እንዳየህ ደውል። ነገ አትበለኝ፣ ኔትወርክ አትበለኝ። ሳይጨልም ደውል፤ መጀመሪያ ከኔ ጋር ታወራለህ፣ ከዚያ ስልኩን ለአባባ እሰጥልሃለሁ።